ዲስኩ ሳይመልስ «ተመዝግቧል» ያለው ማን ነው?

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከቤተሰብ የመጣችሁ እንግዶች፤

ከሁሉ በፊት ይህን ግብዣ ለደከማችሁበት ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ወንበሮቹን ከአራተኛ ፎቅ በትከሻቸው ያወረዷቸው ጥበቃዎቻችን መሆናቸውን አይቻለሁ፤ ሊፍቱ እንደ ልማዱ ዛሬም ቆሟል። ኬኩ ላይ ስሜን ሳትሳሳት ያስጻፈችውን ጸሐፊያችንን አመሰግናለሁ። መታወቂያዬ ላይ ለሃያ ስምንት ዓመት ተሳስቶ የኖረ ስም ነው፤ በስተመጨረሻ ኬክ ላይ ተስተካከለ።

ስለ ግድግዳ ሰዓቱም እግዜር ይስጥልኝ። ሰው ጡረታ ሲወጣ ሰዓት የሚሰጡት ለምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ማልዶ መነሣት የቀረለት ሰው በሰዓት ምን ያደርጋል?

ክቡር ሥራ አስኪያጃችንም ስለ እኔ ብዙ ደግ ደግ ነገር ተናገሩ። አመሰግናለሁ። በመጨረሻም፣ «ሰው ነንና እንሳሳታለን። እህታችንም አንድ ጊዜ ከባድ ስሕተት ሠርታ ነበር፤ እኛ ግን እንደ ቤተሰብ ይቅር ብለናታል» አሉ። እናንተም አጨበጨባችሁ። አልቀየምኳችሁም። የማያውቅ ሰው ያጨበጭባል።

ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ገጽ የተጻፈ ንግግር አለኝ። ባለቤቴ አንብቦ «ጥሩ ነው፣ ማንንም አያስቀይምም» ያለኝ ነው። እሱን አላነብም። ይቅር የተባልኩበትን ነገር ልንገራችሁ።

አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ ምድር ቤት፣ መዝገብ ቤቱ ውስጥ ነው። «እትዬ ቆዩ» የምትሉኝም አሮጌ ፋይል ስትጠይቁኝ ስለማቆያችሁ ይመስላችኋል። አይደለም። ስሙ የወጣልኝ ከዚያ በፊት፣ ሦስተኛ ፎቅ የሲስተም ፕሮግራመሮች ኃላፊ ሳለሁ ነው። አዲስ ኮድ ሁሉ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በእኔ ዓይን ያልፍ ነበር። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የምለው አንድ ነገር ነው። ቆዩ፣ ዲስኩ መልሷል? ቆዩ፣ መልሱ ሳይመጣ ለምን ጨረሰ ትላላችሁ? አንድ ቀን የቢሮዬ በር ላይ «ቆዩ» ብለው ጽፈው ለጠፉብኝ። በዚያው ቀረ። አንድ አዲስ ሠራተኛ እውነተኛ ስሜ መስሎት ደብዳቤ ላይ «ለወይዘሮ ቆዩ» ብሎ ጽፎልኛል።

እንግዶች ስላላችሁ ሥራውን በአጭሩ ላስረዳ። የእኛ ፕሮግራም የዘጠኝ ሆስፒታሎችን የላቦራቶሪ ውጤት ይቀበላል። ደሙን የመረመረው መሣሪያ ውጤቱን ይልካል፤ ፕሮግራሙ ተቀብሎ ዲስክ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ ላቦራቶሪው ስክሪን ላይ «ተመዝግቧል» የሚል ቃል ያወጣል። ባለሙያዋ ያን ቃል ስታይ ናሙናውን ታስወግዳለች። ሐኪሙም ውጤቱን ከዲስኩ አውጥቶ ያያል።

ዲስክ ግን ዘገምተኛ ነው። ፕሮግራሙ አንዱ ውጤት ተጽፎ እስኪያልቅ እጁን አጣጥፎ ቢቆም፣ ከኋላ መቶ ውጤት ይሰለፋል። ስለዚህ ጽሕፈቱን ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አደራ ይሰጥና ወደ ቀጣዩ ሥራ ይሄዳል። ሲስተሙ ጽፎ ሲያበቃ «ጨርሻለሁ» የሚል መልስ ይልክለታል። በሙያችን አሲንክሮነስ የምንለው ይህን ነው። ትእዛዝ መስጠቱን ማንም ይችለዋል። የሚከብደው አጠባበቁ ነው። የትኛው መልስ ለየትኛው ትእዛዝ እንደመጣ ማወቅ አለ። ዲስኩ «አልቻልኩም» ቢልስ? ጨርሶ ባይመልስስ? እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ነው።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ያው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ይህን ነገር ለዓመታት ሳስረዳው ኖሬ፣ አንድ ቀን ሱሪ እየተኮሰ «ገባኝ» አለኝ። «ሙሽራዋ ጨርቋን ሰጥታኝ ደጄ ላይ ተገትራ አትውልም፤ ወደ ጉዳይዋ ትሄዳለች። ግን ቀሚሴ ደርሷል ብላ ለሰው ከማውራቷ በፊት መጥታ እኔን መጠየቅ አለባት።»

አያችሁ፣ ከብዙዎቻችን በተሻለ ገለጸው። እኛ ይህንኑ ለማለት አርባ ገጽ ሰነድ ጽፈናል።

አሁን ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ። ወንድሜ የምለው ሥራ አስኪያጃችንን ነው።

እኔና እሱ እዚህ ቤት የገባነው አንድ ሰኞ ቀን ነው። ሁለታችንንም አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡን፤ መስኮቱ ከጎማ ጠጋኙ ግቢ ፊት ለፊት ነበር። ኮምፒውተሩም አንድ ነው። ጠዋት እሱ ይጽፋል፣ ከሰዓት እኔ። እሱ የጻፈውን እኔ አርማለሁ፣ እኔ የጻፍኩትን እሱ። ምሳ ከአንድ ዕቃ በልተናል። አባቱ ሲያርፉ አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ። ልጁ አፏን የፈታችው «አክስቴ» እያለች ነው፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው የምትጠራኝ። እሱ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሲሾም ቅር ብሎኝ እንደሆነ ጠይቆኝ ነበር። «አንተ ስብሰባ ትወዳለህ፣ እኔ ኮድ እወዳለሁ፤ ሁለታችንም ደርሶናል» አልኩት። ሳቅን። ከልቤ ነበር የተናገርኩት።

የዛሬ ስድስት ዓመት እናቴ መታጠቢያ ቤት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። የአሥራ አንድ ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። ችግሩ፣ ያለ እኔ የይለፍ ቃል ሲስተሙ ላይ አንዲት መስመር መቀየር አይቻልም። እሮብ ዕለት እሱ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ።

«እህት ዓለም፣ እናትሽ ጋ ሂጂ። እዚህ እኔ አለሁ» አለኝ።

የይለፍ ቃሌን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት። ደንቡ ይከለክላል። ደንቡን ካረቀቁት አንዷ ራሴ ነኝ። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ ያኔም ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ፣ ማንም እንዲሸከምልኝ አልፈልግም።

በዚያው ሳምንት ከሆስፒታሎቹ የመጡ ኃላፊዎች ሲስተሙን ሊጎበኙ ቀጠሮ ነበራቸው። ከዚያ በፊት ደጋግመው አማርረዋል፤ «ተመዝግቧል» እስኪል ሦስት አራት ሴኮንድ ይፈጃል፣ ሠራተኞቻችን ስክሪን ላይ አፍጥጠው ይውላሉ ይሉን ነበር። እኔ ደግሞ ያቺ ሦስት ሴኮንድ የዲስኩ መልስ የምትመጣባት ናት፤ ዲስኩን እናሻሽል እንጂ እሷን አንነካም ባይ ነበርኩ።

ከፈቃድ ስመለስ ቤቱ በደስታ ሰክሯል። «ተመዝግቧል» የሚለው ቃል በዓይን ጥቅሻ ብቅ ይላል። ጎብኚዎቹ አመስግነው ሄደዋል። ወንድሜን ምን አድርጋችሁ ነው ብዬ ጠየቅሁት። አዲሶቹ ዲስኮች ናቸው አለኝ። እውነትም እኔ በሌለሁበት አዲስ ዲስክ መጥቶ ነበር፤ ካርቶኖቹ ኮሪደሩ ላይ ተከምረዋል።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ቆዩ» ስል የኖርኩ ሴት ያን ቀን ቆዩ አላልኩም። የወንድም ቃል እንደ ኮድ መስመር በመስመር አይመረመርም ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ።

ከአራት ወር በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ከምሳ መልስ፣ መንገዱ ዳር የውኃ ቧንቧ የሚቀብሩ ሰዎች የመብራት ገመዱን በዶማ በጠሱት። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ አርባ ሴኮንድ ፈጀ። ሰርቨሮቹ ጠፍተው ተነሡ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ደርሶ ያውቃል፤ አንድም ውጤት ጠፍቶብን ግን አያውቅም።

ያን ቀን ስልክ በስልክ ሆንን። ላቦራቶሪዎቹ ስክሪን ላይ «ተመዝግቧል» የተባለ ውጤት ዲስኩ ላይ የለም። ፕሮግራሙ ትእዛዙን ሰጥቶ፣ መልሱን ሳይጠብቅ አልቋል ብሎ አውጇል። ትእዛዙ ገና ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ተራውን ሲጠብቅ መብራቱ ሄደ፤ አብሮ ጠፋ። ባለቤቴ ስነግረው መቀሱን አስቀመጠና፣ «ሳይሰፋ ተሰፍቷል ብሎ የሚልክ ሰው ምን ይባላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ያ ሰው ማን እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር።

ስልሳ ሁለት ውጤት ጠፍቶ አገኘን። የመመርመሪያ መሣሪያዎቹ ውስጥ ቅጂ ስለነበር አብዛኛው ተመለሰ፤ የቀሩት ሰዎች ተጠርተው እንደገና ደም ሰጡ። ተርፈናል አልን። ግን ያላገኘነው ስልሳ ሦስተኛ ነበር፤ የአንዲት ሴት። እዚሁ ሰፈራችን ያለው ትንሹ ሆስፒታል መብራቱ ከእኛው ገመድ ስለሆነ የእነሱም መሣሪያ አብሮ ጠፍቷል። የእሷ ውጤት እዚያም እዚህም የለም። የጠፋ መሆኑን እንኳ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሴትየዋ የአንደኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ናት። ሐኪሟ ችግር ካለ እንደውልልሻለን ብሏታል። ማንም አልደወለላትም፤ ዝምታውን ደህና ነሽ እንደማለት ቆጠረችው። ከሰባት ሳምንት በኋላ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ወደቀች። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመዋል። ይኸው እስከ ዛሬ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አራት አራት ሰዓት፣ ደሟን ከሚያጣራ ማሽን ጋር ታስራ ትኖራለች። ያ ውጤት በጊዜው ደርሶ ቢሆን ኖሮ ሐኪሞቹ ብዙ ማድረግ ይችሉ እንደነበር በጽሑፍ መስክረዋል።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሁለተኛ ፎቅ፣ መስታወት ጠረጴዛ ያለው ክፍል፣ አምስት ሰዎች። የሲስተሙን የለውጥ መዝገብ ከፈቱት። መልስ የምትጠብቀዋ መስመር ተሰርዛለች። የሰረዘው ስም የእኔ ነው። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ እኔ የእናቴን ራስጌ ይዤ የተቀመጥኩበት ሐሙስ።

ያን ቀን እዚህ አልነበርኩም አልኩ። ከቤት ሆኖም መግባት ይቻላል አሉኝ። ይቻላል፤ አደርገውም ነበር።

ቀና ብዬ ወንድሜን አየሁት። ከፊት ለፊቴ ተቀምጧል። እንግዲህ አሁን ይናገራል ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም አፌን ዘግቼ ቦታ ለቀቅሁለት። የይለፍ ቃሌ እሱ ጋ ነበር ብዬ እኔ ከምናገር፣ ከራሱ አፍ ቢወጣ ለእሱ ይሻለዋል፣ ክብሩ ይጠበቅለታል አልኩ። የማስበው ለእሱ ነበር። እሱ የእስክሪብቶውን ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ሰብሳቢው ስለ ጉዳዩ የሚያውቀውን እንዲናገር ጠየቁት። ሲመልስ ድምፁ ተንቀጠቀጠ።

«እህቴ ናት። በእሷ ላይ ለመመስከር አፌ አይከፈትም።»

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህችን አነጋገር ልብ ብላችሁልኛል? ቢዋሽብኝ ይሻለኝ ነበር። ውሸት ይጣራል፣ ይፋቃል። ይህ ግን ፍቅር ነው፤ ፍቅርን ማን ያጣራዋል? ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አዘነለት። አንዷ ሴት መሐረብ አቀበለችው። በደለኛዋን እህቱን የሚሸፍን ደግ ወንድም ሆነ፤ እኔ ደግሞ የሚሸፈንላት።

በማግስቱ የይለፍ ቃሌን ለእሱ ሰጥቼ እንደሄድኩ ተናገርኩ። ጠየቁት። አላስታውስም አለ። በዋዜማው ሌሊቱን ሙሉ ስጠብቅ፣ ክዶኝም አምኖልኝም በሐሳቤ አይቼዋለሁ፤ «አላስታውስም» ግን አልመጣብኝም። ሃያ ሁለት ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው፣ የቁራጯን ወረቀት ቀለም እኔ እስከ ዛሬ ሳስታውስ፣ እሱ አያስታውስም።

«በከባድ ቸልተኝነት» የሚል ደብዳቤ ተሰጠኝ። ከቦታዬ ተነሥቼ ምድር ቤት ወረድኩ። ከስድስት ወር በኋላ እሱ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። የሹመቱን ደብዳቤ ቅጂ መዝገብ ቤት ፋይል ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነበርና።

ባለቤቴ ልቀቂላቸው አለኝ። የእኔ መርፌ ለሁለታችን ይበቃል አለኝ። እምቢ አልኩ። ብለቅ ጥፋቴን እንዳመንኩ ይቆጠራል። ደግሞ፣ ሞኝ አትበሉኝና፣ አንድ ቀን ደረጃውን ወርዶ ይመጣል ብዬ ተስፋ አደርግ ነበር። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና እላለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ ወረደ፤ እሱም ጣሪያው ሲያፈስ የቧንቧ ሠራተኛ ይዞ ነው።

እናንተንስ ላንሣችሁ? ሦስተኛ ፎቅ ሳለሁ ደረጃ ላይ አቁመው የልጆቻቸውን የፈተና ውጤት የሚነግሩኝ ሰዎች፣ ከዚያ በኋላ ሲያዩኝ ሊፍት መጠበቅ ጀመሩ። የማይሠራ ሊፍት። አሁን የምትስቁት ራሳችሁን ስላወቃችሁ ነው። ሳቁ፤ እኔም ያኔ ስቄበታለሁ፣ ወደ ውስጥ።

በሁለተኛው ዓመት ላይ መምህርቷን ፈልጌ ሄድኩ። ማንም አልላከኝም። በአንድ እጇ ማሽን ተሰክቶላት፣ በሌላው የተማሪዎቿን ደብተር ታርማለች። ከየት እንደመጣሁ ነገርኳት። እርማቷን ሳታቆም ጠየቀችኝ።

«አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

ማስረጃ የለኝማ። የጠረጠርኩትን ሰው ስም ልስጣት? ደብተሩን ዘግታ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ የተናገረችው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

«ማሽኑን ለምጄዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ መጥቶ፣ እኔ ነኝ ያደረግኩት አላለኝም። ልጆቼ መስኮት ሲሰብሩ እንኳ አንዱ እጁን ያወጣል።»

ልጆቼ የምትለው ተማሪዎቿን ነው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ እየሄድኩ አያታለሁ። ያንን ጥያቄ ደግማ አልጠየቀችኝም። በሯን ባንኳኳሁ ቁጥር ግን ጥያቄው ራሱ ይጠይቀኛል።

የዛሬ አምስት ሳምንት የጡረታዬ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። በዚያው ቀን ከሰዓት ምድር ቤት የወረደችው ማን መሰለቻችሁ? የፕሮግራም ፈታሿ፣ እናንተ «ሰባሪዋ» የምትሏት። ጥሩ ስም ነው፤ ሥራዋ የሠራነውን መስበር ነውና። ፖስታ ይዛለች። ከአሮጌ ፋይሎቹ መካከል ቆማ፣ «እትዬ፣ ያን ሐሙስ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር» አለችኝ።

ሁሉንም ነገረችኝ። መስመሯን ሲሰርዛት አይታለች። ሥራዋ ነውና የሙከራውን ሰርቨር ሶኬት ነቅላ ፈትናዋለች፤ ውጤቶች ጠፉ። ጽፋ አመጣችለት። እሱም ወረቀቱ ላይ በእጁ ጻፈበት፦ «ለጉብኝቱ ሦስት ቀን ብቻ፤ ከዚያ ይመለሳል»፤ ፈረመም። ጉብኝቱ አማረ፣ ፍጥነቱ ተመሰገነ፣ ሦስቱ ቀን ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ተረሳ። እሷ ያን ጊዜ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበረች። አጣሪ ኮሚቴው ሲቀመጥ ማንም አልጠራትም፤ እሷም አልሄደችም። ከሦስት ወር በኋላ ቋሚ ሆነች። ወረቀቱን ግን አልቀደደችውም። ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቷ መሳቢያ ውስጥ፣ ከልጇ የክትባት ካርድ ሥር አስቀምጣዋለች።

አለቀሰች። አላባበልኳትም። እውነቱን ልናገር፣ እጄ አልታዘዘልኝም። ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ጠዋት ደህና አደሩ ስትለኝ ኖራለች። ትናንት ግን ቤቴ ድረስ መጥታ፣ ነገ ከተናገርሽ የእኔንም ተናገሪ፣ እንዳትሸፍኚኝ አለችኝ። ይኸው ተናገርኩ። አሁን ብድግ ያለችውን አያችኋት? ቁጭ በይ እህቴ። ሰምተውሻል።

ወረቀቱን ይዤ የዛሬ ሦስት ሳምንት ወንድሜ ቢሮ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ቆሞ አነበበው። መነጽሩን አወለቀ። «ልመልሰው ነበር» አለኝ።

አመንኩት። አሁንም አምነዋለሁ። ሰው ለመጉዳት ብሎ አልሰረዛትም። ኮድ ውስጥ የሚረሳ ነገር እኔም ብዙ ረስቻለሁ፤ ለዚያ ቢሆን ኖሮ አብሬው ቆሜ እወቀስ ነበር። እኔን የካደኝ የመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እህቴ ናት ብሎ።

ቀጥሎ ምን አለ? አሁን ምን ይጠቅማል አለኝ። አንቺም እየወጣሽ ነው፣ ጥሩ አድርገን እንሸኝሻለን አለኝ። ክቡራትና ክቡራን፣ የተቀመጣችሁበት ወንበር፣ የቆረሳችሁት ኬክ፣ ይህ ነው እንግዲህ።

ሹመቴን መልስ አላልኩትም። ደብዳቤው ይቀደድ አላልኩትም። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፦ መምህርቷ ጋ ሄደህ እኔ ነኝ በላት። ጊዜ ስጪኝ አለኝ። ሰጠሁት። ዛሬ ጠዋት ደወልኩላት። የመጣ ሰው አለ ወይ አልኳት። ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ ነበር አለችኝ።

ከዚያ እዚህ አዳራሽ መጣሁ። ወንድሜም ተነሥቶ ይቅር ብለናታል አለ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ በስብሰባ ላይ ሁልጊዜ እርስዎ ስልህ ኖሬአለሁ፤ ዛሬ አንተ ልበልህ። ወለሉን አትይ፣ እኔን እየኝ። የዚያ ወረቀት ቅጂ ዛሬ ጠዋት ገቢ ሆኖ፣ ማኅተምና ቁጥር ተመቶበት፣ ለቦርዱ ተልኳል። ዋናው እጄ ላይ ነው፤ የያኔው ኮሚቴ ሰብሳቢ እዚህ ስላሉ፣ ስወርድ ለእሳቸው እሰጣቸዋለሁ። በሕግ የሚሆነውን እነሱ ያውቃሉ። በሲስተሙ የለውጥ መዝገብ ላይ ግን ስሜ ከዚያች ሐሙስ ላይ ይነሣልኝ። የተሳሳትኩት እሮብ ዕለት ወረቀት ስሰጥህ ነው፤ እሮብን ተዉልኝ።

ይቅርታ አድርገሽልኛል ወይ ብትለኝ፣ ገና አላደረግኩልህም። ፈልጌ ነበር። ዛሬ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ውስጤን አየሁት፤ የለም። ሳይኖረኝ አለኝ ብልህ፣ ዲስኩ ሳይመልስ ተመዝግቧል ማለት ይሆንብኛል፤ ያን ደግሞ ሠርቼው አላውቅም።

እንግዲህ ልሰናበታችሁ።

ወንበር የተሸከማችሁ፣ ወገባችሁን ደህና ያድርግላችሁ። ምድር ቤት ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር አብራችሁኝ ለስድስት ዓመት ባልዲ ያቀያየራችሁ ሁለት ወንድሞቼ፣ ፀሐይ የሚገባበት ቢሮ ይስጣችሁ። ሦስተኛ ፎቅ ያላችሁ ልጆች፣ ሥራችሁ የሚታይ አይደለምና የሚያይላችሁ ሰው አያሳጣችሁ፤ ስታጠፉም ለመናገር አንደበት ይስጣችሁ። ሰባሪዋ፣ እንቅልፍሽ ይመለስ። የሊፍት ጠባቂዎች፣ እናንተንም ይባርካችሁ፤ ጉልበታችሁ በርትቶ ደረጃ የምትወጡ ያድርጋችሁ። ለሁላችሁም ከእኔ የተሻለ መውጫ ይስጣችሁ፤ ስትወጡ ስማችሁ ሙሉ ሆኖ የምትወጡበት።

ወንድሜ፣ ልጅህን ያሳድግልህ፤ እሷ ምንጊዜም የወንድሜ ልጅ ናት።

ዛሬ የመምህርቷ የማሽን ቀን ነው። ከዚህ ወጥተን ወደ እሷ ነው የምንሄደው፤ እኔ፣ ባለቤቴና ሰባሪዋ። መኪናው በጓሮ በር ቆሟል። አራት ሰው ይይዛል።